ከባሕር ዳር አፈር ሰርፋክቲን ማውጣትና ቀለበቱን በኢንዛይም መክፈት፦ የላቦራቶሪ መመሪያ

አረፋ ታየ ማለት ባዮሰርፋክታንት፣ ማለትም ሕያው ነገር የሚሠራው ሳሙና መሰል ውህድ፣ ተገኘ ማለት አይደለም። የሞተ ሴል ፕሮቲን ያረፋል፤ ፔፕቶን ያለበት ሚዲየም ያረፋል፤ በላርጎ ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ፍላስክም ያረፋል። ስለዚህ እዚህ ከሥራው እኩል ቦታ የተሰጠው ለማረጋገጫው ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ በእጅዎ ያለው ነገር በእርግጥ ሰርፋክቲን መሆኑን የሚያሳይ ፈተና አለ። ፈተናውን ዘልሎ ወደ ኢንዛይሙ የሚሮጥ ሰው በማይክሮግራም የሚሸጥ ውድ ኢንዛይም ቆሻሻ ላይ ያፈሳል።

ሰርፋክቲንን በባሲለስ ሰብቲሊስና በቅርብ ዘመዶቹ የሚሠራ ውህድ አድርገው ይያዙት። በ1968 ጃፓን ውስጥ ተገለጸ። ሰባት አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በቅደም ተከተል ግሉታሚክ አሲድ፣ ሉሲን፣ ሉሲን፣ ቫሊን፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ ሉሲን፣ ሉሲን። ከእነዚህ በሦስተኛና በስድስተኛ ቦታ ያሉት ሉሲኖች የዲ ቅርጽ፣ ማለትም የተለመደው ቅርጽ የመስታወት ምስል፣ አላቸው። ከአሚኖ አሲዶቹ ጋር ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 15 ካርቦን ያለው ቤታ ሃይድሮክሲ ፋቲ አሲድ ይያያዛል። ፋቲ አሲዱ በአንድ ጫፉ የግሉታሚክ አሲዱን አሚን፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለበትን ጫፍ፣ ይይዛል፤ በሃይድሮክሲሉ ደግሞ ከመጨረሻው ሉሲን ጋር በኤስተር ተሳስሮ ቀለበቱን ይዘጋል። ይህን አሠራር በደንብ ያስታውሱት። ቀለበቱ ሙሉ ሲሆን ነፃ አሚን የሚባል ነገር የለውም፤ በኋላ ኢንዛይሙ የቱን ትስስር እንደቆረጠ የምንለየው በዚሁ ነው። ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 72 ሚሊኒውተን በሜትር የገጽ ውጥረት አለው፤ ሰርፋክቲን ወደ 27 ያወርደዋል።

በዚህ ዘርፍ ስሙ ብዙ የሚጠራው ሌላው ውህድ ራምኖሊፒድ ነው። ይህን አብዝቶ የሚሠራው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ግን ቁስልና ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያሳምም፣ ለብዙ መድኃኒትም እጅ የማይሰጥ ባክቴሪያ ነው። የባዮሴፍቲ ካቢኔት በሌለበት ክፍል በሊትር ማሳደጉን አንመክርም። ራምኖሊፒድ የሚያስፈልገው ሰው የተጣራውን ገዝቶ የኢንዛይሙን ሥራ ብቻ ይሥራ፤ አሠራሩ ወደ መጨረሻው አለ።

ከፍታው የሚለውጣቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ ውሃም በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በውጭ አገር የተጻፈ ፕሮቶኮል ይህን አያስብልዎትም።

የመጀመሪያው ጣጣ አውቶክሌቭ ላይ ነው። መጽሐፉ «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ 15 ደቂቃ» ሲል 121 ዲግሪ ማለቱ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ እዚህ በ15 ፒኤስአይ የሚያገኙት 118 ዲግሪ ያህል ነው። የሦስት ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ስፖር፣ ማለትም ሙቀት የሚቋቋመውን የባክቴሪያ ዘር መሰል ቅርጽ፣ የመግደል ኃይሉን ግን በግማሽ ይቀንሰዋል። 121 ለመድረስ 18 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። እቃው ይህን እንዲችል የተሠራ መሆኑን ሰሌዳው ላይ አይተው ያረጋግጡ፤ ካልቻለ ወይም የምትጠቀሙት ፕሬሸር ኩከር ከሆነ በ15 ፒኤስአይ 35 ደቂቃ ያቆዩት። በሙቀት መለኪያ ራሱን የሚቆጣጠር ዘመናዊ አውቶክሌቭ ይህን ማስተካከያ አይፈልግም። የምንሠራው ከስፖር ሠሪ ባክቴሪያ ጋር ነውና እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም፤ ያልሞተ ስፖር በሚቀጥለው ሙከራ «አዲስ አምራች» ሆኖ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው ኦክስጅን ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሌላ ቦታ 500 ሚሊሊትር ፍላስክ ውስጥ 100 ሚሊሊትር ሚዲየም ቢበቃ፣ እዚህ 50 ሚሊሊትር ብቻ ይጨምሩና ሼከሩን በደቂቃ 200 ዙር ያሽከርክሩት።

አፈሩን ማምጣት

ዘይት የለመደ አፈር ጥሩ መነሻ ነው። የኑግ ዘይት መጭመቂያ ግቢ፣ የጋራዥ ጓሮ፣ የነዳጅ ማደያ ጠርዝ ይሞክሩ። ከእነዚህ ጋር ለማነጻጸር ዘይት ያልነካው አፈር፣ ለምሳሌ ከዘጌ የቡና ጥላ ሥር ወይም ከሐይቁ ዳር ማሳ የሰብል ሥር ያለውን፣ ይጨምሩ። ባሲለስ የተክል ሥር አካባቢን ይወዳል፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ አምራች የሚገኘው ከተበከለው ቦታ ሳይሆን ከዚህ ነው። ደንገሉ ሥር ያለው ጥቁር ጭቃ አየር ስለሌለው የመጀመሪያ ምርጫ አይሁን። በገዳምና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለመቆፈር አስቀድመው ያስፈቅዱ።

አንድ ቦታ ግን ፈጽሞ አይቆፍሩ፦ ከብት በአባ ሰንጋ የሞተበት ወይም ሞቶበታል ተብሎ የሚጠረጠር መሬትና የቄራ አካባቢ። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያም ባሲለስ ነው፤ ስፖሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ከዚህ በታች ያለውንም የሙቀት ማጣሪያ በሰላም ያልፋል። የአካባቢውን ሰው መጠየቅ የደቂቃ ሥራ ነው።

ከላይ ያለውን ቅጠልና ብስባሽ ገፍተው ከ5 እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ ከአምስት ነጥቦች 50 ግራም ያህል ይውሰዱና በንጹሕ ፕላስቲክ ይቀላቅሉ። ከረጢቱ ላይ ቦታው፣ ቀኑና የአፈሩ ዓይነት ይጻፍ። በዚያው ቀን ካልተሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው ስፖሩን ባይገድለውም የሌላውን ሕይወት ሚዛን ያዛባዋል።

አንድ ግራም አፈር በ9 ሚሊሊትር ሳላይን፣ ማለትም 0.85 በመቶ የጨው ውሃ፣ ውስጥ ይጨምሩና 10 ደቂቃ ይናጡ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ሸክላው ስፖሩን አጥብቆ ይይዛል፤ በሳላይኑ ላይ 0.1 በመቶ ሶዲየም ፓይሮፎስፌት ቢጨመር ይለቀዋል። ከዚያ ቱቦውን በ80 ዲግሪ የውሃ ባዝ ውስጥ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ስፖር የሌለው ሁሉ እዚህ ይሞታል። ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምሩት ባዙ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ 80 ሲደርስ ነው፤ ይህን ለማየት ሳላይን ብቻ ባለበት ሌላ ቱቦ ውስጥ ቴርሞሜትር ያስቀምጡ። ከ100 እጥፍ እስከ 10,000 እጥፍ አቅጥነው 100 ማይክሮሊትር በኑትሪየንት አጋር ላይ ያሰራጩ፤ በ30 ዲግሪ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያሳድጉ።

ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚመስሉትን ኮሎኒዎች፣ ማለትም ደብዘዝ ያሉ፣ ጠርዛቸው ያልተስተካከለ፣ ሲደርቁ የሚሸበሸቡትን፣ አጥርተው ያስቀምጡና እያንዳንዱን በእንቁላል አስኳል አጋር ላይ ይፈትኑ። በዙሪያው ነጭ ደመና የሚያወጣ ኮሎኒ ባሲለስ ሴርየስ ሊሆን ይችላል፤ ምግብ የሚመርዝ ነው፤ አውቶክሌቭ ተደርጎ ይጣል። ባሲለስ ሰብቲሊስ ይህን ደመና አያወጣም። የደም አጋር ላይ የሚታየውን የቀይ ሴል መሟሟት ብቻውን እንደ ምርጫ መስፈርት አይውሰዱት፤ ሰርፋክቲን ሳይኖር ደም የሚያሟሙ ባክቴሪያዎች ብዙ ናቸው።

በርካሽ የሚሠራ ምርጫ

እያንዳንዱን ኮሎኒ በ5 ሚሊሊትር ሚዲየም ለ48 ሰዓት አሳድገው በሴንትሪፊውጅ ያጥሩ። የሚፈተነው ከላይ የሚቀረው የጠራ ፈሳሽ ነው። ከሁሉም ፈተና ጎን ባክቴሪያ ያልተዘራበት ሚዲየም እንደ መነጻጸሪያ ይቀመጥ። ለዚህ ሥራ የሚውል መስታወት ከታጠበ በኋላ በቧንቧ ውሃ ብዙ ጊዜ፣ በአልኮል አንድ ጊዜ፣ በዲስቲልድ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ።

የዘይት መበተን ፈተና በጣም ቀላሉ ነው። ሰፊ ፔትሪ ዲሽ ውስጥ 40 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ ላዩ ላይ 20 ማይክሮሊትር ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ መሐሉ ላይ 10 ማይክሮሊትር የጠራ ፈሳሽ። ዘይቱ ሸሽቶ ጥርት ያለ ክብ ከከፈተ የክቡን ስፋት ይለኩ። ለእያንዳንዱ ናሙና ውሃውም ዘይቱም አዲስ መሆን አለበት።

ነጭ ጋዝ ከናሙናው ጋር እኩል፣ ለምሳሌ 2 ሚሊሊትር በ2 ሚሊሊትር፣ ለሁለት ደቂቃ ቮርቴክስ አድርጎ ከ24 ሰዓት በኋላ የወተት መሰሉን ንብርብር ከፍታ ከጠቅላላው ከፍታ ማካፈል የተለመደ ፈተና ነው። ይሠራ እንጂ በእሱ ብቻ አይምረጡ። ብዙ ፕሮቲንና ፖሊሳካራይድ ዘይትን ከውሃ አደባልቀው ያቆያሉ፤ የገጽ ውጥረትን ግን አያወርዱም።

የገጽ ውጥረት መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ጠብታ ይቁጠሩ። ቢሬት ወይም 1 ሚሊሊትር የመስታወት ፒፔት ቀጥ ብሎ ይታሰርና 1 ሚሊሊትር ውሃ ስንት ጠብታ እንደሚሆን ይቆጠር፤ ከዚያ ናሙናው በዚያው ጫፍ ይቆጠር። የውሃውን ቁጥር ለናሙናው ቁጥር አካፍለው በ72 ያባዙ። ውሃ 20 ጠብታ ከሆነና ናሙናው 50 ከሆነ 28.8 ሚሊኒውተን በሜትር ማለት ነው፤ ይህ የሰርፋክቲን ሠፈር ነው። ከ40 በላይ ከሆነ ቀሪው ሥራ አይቀጥልም። ጠብታው በዝግታ፣ ቢያንስ በአራት ሰከንድ አንድ፣ ይውረድ፤ ሲጣደፍ ሞለኪውሉ ገጹ ላይ ለመደርደር ጊዜ ስለሚያጣ ቁጥሩ ያሳስታል።

የሰርፋክቲኑን መጠን ለመገመት ያንኑ ፈሳሽ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50 እጥፍ እያቀጠኑ ይቁጠሩ። የጠብታው ቁጥር መውረድ የሚጀምርበት ቅጥነት ሰርፋክቲኑ ሚሴል (የሞለኪውሎች ጥቃቅን ክምችት) መሥራት ያቆመበት ነው። ይህ ወሰን እንደ ጨውና ፒኤች ቢለያይም በሊትር ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም አካባቢ ይውላል። እስከ 20 እጥፍ ድረስ ካልተነቃነቀ በሊትር ጥቂት መቶ ሚሊግራም ይዘዋል ማለት ነው።

ለማነጻጸር የታወቀ አምራች የሚያስመጣ ሰው ከኤቲሲሲ የባክቴሪያ ስብስብ 21332 የተባለውን ዝርያ ይፈልግ። በየላቦራቶሪው የሚገኘው 168 የተባለው ዝርያ ለዚህ አይሆንም፤ ሰርፋክቲን ሠሪውን ኢንዛይም የሚያነቃው ኤስኤፍፒ የተባለ ጂን በእሱ ውስጥ ተበላሽቷል። ከአፈር ያገኙትም ቢሆን ከአጋር ወደ አጋር እየተገለበጠ ሲኖር ይደክማል። ስለዚህ ገና እንደተገኘ በ20 በመቶ ግሊሰሮል ብዙ ቱቦ ያስቀምጡ፤ መብራት ሲጠፋና ፍሪዘሩ ሲቀልጥ እንዳይጨነቁም ስፖሩን በተጣራ ወረቀት ላይ አድርቀው በታሸገ ጠርሙስ ይያዙ።

ማምረቻው

ለ1 ሊትር የሚመዘነው ይህ ነው፦ አሞኒየም ሰልፌት 4 ግራም፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 4.1 ግራም፣ ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 5.7 ግራም፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት 0.2 ግራም፣ ግሉኮስ 20 ግራም። የዳይሶዲየሙ ብልቃጥ ላይ 12 ሞለኪውል ውሃ አለው የሚል ከተጻፈ 14.3 ግራም ይመዘናል። ይህን ሳያዩ መመዘን ቡፈሩን ከግማሽ በታች ያደርሰዋል፤ ከምናያቸው ስሕተቶች ሁሉ ይህ ይበዛል።

ጥቃቅኖቹን ለብቻ ያዘጋጁ። በ100 ሚሊሊትር ውሃ ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ 0.15 ግራም መጀመሪያ ይሟሟ፤ ከዚያ ፌረስ ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት 0.11 ግራምና ማንጋኒዝ ሰልፌት ሞኖሃይድሬት 0.17 ግራም። በሌላ ጠርሙስ፣ በ100 ሚሊሊትር ውሃ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት 0.1 ግራም። ካልሲየሙ ከሰልፌቶቹ ጋር በአንድ ጠርሙስ ቢቀመጥ ጂፕሰም ሆኖ ሊዘቅጥ ይችላል። ሁለቱም በ0.2 ማይክሮሜትር ፊልተር ይጣሩና ለአንድ ሊትር ከእያንዳንዱ 1 ሚሊሊትር ይገባል።

ግሉኮሱ በ200 ሚሊሊትር ውሃ ለብቻው፣ ጨዎቹ በ800 ሚሊሊትር ለብቻቸው አውቶክሌቭ ይደረጉ፤ ከቀዘቀዙ በኋላ ይቀላቀሉ። አብረው ከፈሉ ግሉኮስ ከአሞኒየሙና ከፎስፌቱ ጋር ቡናማ ይሆናል፤ ባክቴሪያውም ይዘገያል። መነሻ ፒኤች 7.0 ይሁን።

ዘሩ፣ ማለትም መነሻው ባክቴሪያ፣ በኑትሪየንት ብሮዝ በ30 ዲግሪ ለ16 ሰዓት ያድር፤ ከእሱ 2 በመቶ፣ ማለትም በ50 ሚሊሊትር 1 ሚሊሊትር፣ ይጨመር። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይሁን። ባክቴሪያው አሞኒየሙን ሲበላ አሲድ ይለቃል፤ በዚያ ላይ ከግሉኮሱ አሴቲክ አሲድ ይጨምራል። በ8፣ በ16ና በ24 ሰዓት ጥቂት ጠብታ እያወጡ ፒኤች ይለኩ፤ ከ6.5 በታች ከወረደ በተመከነ (ጀርም በተገደለበት) 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7 ይመልሱ። ከ6 በታች ሲሆን ምርቱ ይቆማል፤ ያለው ሰርፋክቲንም መዝቀጥ ይጀምርና ከሴሉ ጋር አብሮ ይጣላል። «ዝርያው ጥሩ ነበር፣ ሚዲየም ስንቀይር ጠፋ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ፒኤች ነው።

አረፋው ይነሣል። የጥጥ ውታፉ ከረጠበ አየር ይዘጋል፤ ሌላ ጀርም ይገባል። ረጥቦ ካገኙት በተመከነ ሌላ ይቀይሩት። ሲሊኮን ያለበት ፀረ አረፋ አይጨምሩ፤ በኋላ የሚመጣውን መለኪያ ሁሉ ያበላሻል። ፈርመንተር ያለው ሰው የአየር መውጫውን በወፍራም ቱቦ ወደ ባዶ ጠርሙስ ይምራው። አረፋው ይዞት የሚወጣው ሰርፋክቲን ከታች ካለው ፈሳሽ ይልቅ በጣም የተከማቸ ስለሆነ ይህ ራሱ ማጣሪያ ነው።

ማምረቻው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። በየስድስት ሰዓቱ ጠብታ ይቁጠሩና ቁጥሩ ከፍተኛው ላይ ሲደርስ ያቁሙ፤ ግሉኮሱ ካለቀ በኋላ የተሠራው ሰርፋክቲን መልሶ ይቀንሳል። መብራት ጠፍቶ ሼከሩ ከቆመ ፍላስኩን በእጅ እያዞሩ ማናፈስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይረዳል። ረዘም ላለ መጥፋት ያለው አማራጭ የመጥፋቱን ሰዓትና ርዝመት መዝግቦ ያንን ዙር ከሌሎቹ ጋር አለማነጻጸር ነው። ከአፈር የመጣ ያልተሻሻለ ዝርያ በሊትር ከ100 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም ቢሰጥ ጤናማ ነው።

የኑግ ፋጉሎ በየመጭመቂያው ርካሽ ስለሆነ ከግሉኮስ ይልቅ እሱን መጠቀም ያጓጓል። ለወደፊቱ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ መጀመሪያ ግን አይሁን። ፋጉሎው ውስጥ የቀረው ዘይት አረፋውን ይገድላል፤ ፕሮቲኑ በአሲድ አብሮ ይዘቅጣል፤ ቀለሙም እስከ መጨረሻው ይከተላል። ዝርያው በጠራ ሚዲየም ምን እንደሚሰጥ ሳይታወቅ ፋጉሎ ላይ የተገኘ ቁጥር አይነበብም።

ማውጣትና ማጥራት

ሴሉን በ10,000 ጂ (የመሬት ስበት 10,000 እጥፍ) ለ15 ደቂቃ ያውርዱ፤ ሴንትሪፊውጁ ትንሽ ከሆነ በ4,000 ጂ ለ40 ደቂቃ። የጠራውን ፈሳሽ በረዶ ላይ አድርገው እያማሰሉ 6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ እስከ ፒኤች 2.0 ይጨምሩ፤ በ4 ዲግሪ ይደር። ሰርፋክቲን ሁለት የአሲድ ጫፎች አሉት። ፒኤች ሲወርድ ጫፎቹ የኤሌክትሪክ ቻርጃቸውን ያጡና ሰርፋክቲኑ ከውሃው ይለያል። ጠዋት ላይ ነጭ ወይም ደብዛዛ ቢጫ ደመና ወርዶ ይገኛል።

ዝቃጩን በሴንትሪፊውጅ ሰብስበው ፒኤች 2 በሆነ ውሃ አንዴ ይጠቡ። ከዚያ በውሃ ውስጥ በትነው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጥንቃቄ እየጨመሩ በፒኤች 8 ያሟሙት፤ የማይሟሟውን ይጣሉ፤ እንደገና በአሲድ ያዝቅጡት። ከ8 በላይ አይሂዱ። በፒኤች 11ና 12 የኤስተር ትስስሩ ራሱ ይከፈታል፤ ያለ ኢንዛይም የተከፈተ ቀለበት ይዘው በኢንዛይም ከፈትኩት ሊሉ ነው።

የደረቀውን ዝቃጭ በሜታኖል ሦስት ጊዜ ያውጡት፤ ፕሮቲንና ጨው ይቀራል። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ዝቃጩ አሲድ ተሸክሞ ሜታኖል ውስጥ ቢሞቅ ወይም ቢቆይ የግሉታሚክና የአስፓርቲክ አሲድ ጫፎች ሜቲል ኤስተር ይሆናሉ። በኋላ የምንጠቀምበት ኢንዛይም ደግሞ የሚፈልገው ነፃ ግሉታሚክ አሲድ ነው፤ ሜቲል ከሆነ አያውቀውም። ስለዚህ ከሜታኖል በፊት ዝቃጩን በፒኤች 7.5 አካባቢ መልሰው አድርቁት፤ ሜታኖሉንም ከ40 ዲግሪ በታች ያትንኑት።

ፕሮቲን ቀርቷል የሚል ጥርጣሬ ካለ ትራይፕሲን ይረዳል። ትራይፕሲን የሚቆርጠው ከላይሲንና ከአርጂኒን በኋላ ነው፤ ሰርፋክቲን ሁለቱም የለውም። ፕሮቲኑ ይፈጫል፤ ሰርፋክቲኑ እንዳለ ይቀራል።

ማረጋገጫው ውህዶችን በሚጓዙት ርቀት የሚለየው የሲሊካ ሰሌዳ ነው። ክሎሮፎርም፣ ሜታኖልና ውሃ በ65፣ 25፣ 4 መጠን ተቀላቅለው፣ ከጎኑ የተገዛ ሰርፋክቲን ተቀምጦ ይሩጥ፤ ሥራው በላቦራቶሪው የጋዝ መሳቢያ (ፊውም ሁድ) ሥር ይሁን። ሰሌዳው ደርቆ ውሃ ሲነፋበት ሰርፋክቲን ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሌላ ሰሌዳ ላይ፣ ነፃ አሚን ሲያገኝ ሐምራዊ የሚሆነውን ኒንሃይድሪን፣ 0.2 በመቶ በኢታኖል ነፍተው በ105 ዲግሪ 5 ደቂቃ ያሙቁ። ሙሉ ሰርፋክቲን ቀለም አያወጣም፤ ነፃ አሚን የለውምና። በውሃ ነጭ፣ በኒንሃይድሪን ባዶ፣ ከተገዛው ጋር እኩል ርቀት የሄደ ነጠብጣብ ካለዎት አሁን ኢንዛይሙን ከፍሪዘር ማውጣት ይቻላል።

ቀለበቱን በኢንዛይም መክፈት

ኢንዛይሙ ቪ8 ፕሮቴዝ ይባላል፤ በካታሎግ ግሉ ሲ ኢንዶፕሮቲኔዝ ተብሎም ይሸጣል። ከስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተገኘ ሲሆን ከግሉታሚክ አሲድ በኋላ ያለውን የፔፕታይድ ትስስር ይቆርጣል። በሰርፋክቲን ውስጥ ይህ ግሉታሚክ አሲዱ ከመጀመሪያው ሉሲን የተያያዘበት ነው። ኢንዛይሙ ሰርፋክታንት ባለበት መሥራት የሚችል ጠንካራ ነው፤ የተመረጠውም ለዚህ ጭምር ነው።

ቡፈሩ 50 ሚሊሞላር አሞኒየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም በ100 ሚሊሊትር 0.395 ግራም፣ ፒኤች 7.8 ነው። በዕለቱ ይዘጋጅ፤ ካደረ ጋዝ እየለቀቀ ፒኤቹ ይወጣል። ፎስፌት ቡፈር ኢንዛይሙን ከአስፓርቲክ አሲድም በኋላ እንዲቆርጥ ሊያደርገው ስለሚችል እዚህ አንመርጠውም። ትሪስ የተባለው ቡፈር ደግሞ ራሱ አሚን ስላለው ከኒንሃይድሪን ጋር ቀለም ያወጣል።

1 ሚሊግራም ሰርፋክቲን በ1 ሚሊሊትር ቡፈር ይሟሟ፤ 20 ማይክሮግራም ኢንዛይም ይጨመር፤ በ37 ዲግሪ ይቀመጥ። በ0፣ 1፣ 4፣ 8ና 24 ሰዓት 50 ማይክሮሊትር እያወጡ 1 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ካለበት 50 ማይክሮሊትር አሴቶናይትራይል ጋር ቀላቅለው ያስቁሙት። ኢንዛይሙን በፈላ ውሃ ለማስቆም የሚመርጥ ሰው እዚህ ውሃ 94 ላይ እንደሚፈላ አስቦ 10 ደቂቃ ይስጠው።

ጎን ለጎን አራት ቱቦዎች ይሂዱ፦ ኢንዛይም የሌለበት፣ የተቀቀለ ኢንዛይም ያለበት፣ ኢንዛይሙ ሕያው መሆኑን ለማየት በሰርፋክቲን ፈንታ ኬዚን (የወተት ፕሮቲን) ያለበት፣ እና በፒኤች 12 አድሮ ኤስተሩ የተከፈተ ሰርፋክቲን። አራተኛው ቱቦ ብዙዎች የሚተዉት ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ናሙናዎቹ ሰሌዳ ላይ ከመነጠባቸው በፊት በቫክዩም ወይም ከ50 ዲግሪ በታች እስኪደርቁ ይተንኑ፤ አሞኒየም ከቀረ ራሱ ከኒንሃይድሪን ጋር ቀለም ያወጣል። ከዚያ በጥቂት ሜታኖል አሟሙተው ወዲያው ይነጥቡ። ንባቡ እንዲህ ነው። ኢንዛይሙ የፔፕታይድ ትስስሩን ከቆረጠ የሉሲኑ አሚን ነፃ ይወጣል፤ ከመጀመሪያው ነጠብጣብ በታች ሐምራዊ ቀለም ይታያል። በፒኤች 12 የተከፈተውም ወደ ታች ይወርዳል፤ ነገር ግን የተከፈተው ኤስተር ስለሆነ አሚን አይኖረውም፤ በኒንሃይድሪን ባዶ ይቀራል። ሁለቱም ከመጀመሪያው በ18 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይከብዳሉ፤ ስለዚህ በማስ ስፔክትሮሜትር የሚለካው ክብደት ብቻውን አይለያቸውም፤ ኒንሃይድሪን ግን ይለያቸዋል።

ማስ ስፔክትሮሜትር ባለበት ሊልኩ የሚችሉ ደግሞ እነዚህን ቁጥሮች ይያዙ። ባለ 15 ካርቦኑ ሰርፋክቲን ከፕሮቶን ጋር 1036.7፣ ባለ 14ቱ 1022.7፣ ባለ 13ቱ 1008.7 ላይ ይታያል። የተከፈተው ባለ 15 ካርቦን 1054.7 ይሆናል። ሶዲየም ሲጣበቅ 22፣ ፖታሲየም ሲጣበቅ 38 እንደሚጨምር አይርሱ። ሜቲል ኤስተር 14 ስለሚጨምር ካርቦኑ አንድ የበለጠ ሰርፋክቲን መስሎ ይታያል፤ በአሲድና በሜታኖል ላይ የተባለው ማስጠንቀቂያ እዚህም ይመለሳል።

ሐምራዊው ካልመጣ በቅደም ተከተል ይመርምሩ። ኬዚኑ ካልተፈጨ ኢንዛይሙ ሞቷል፤ እየቀለጠና እየበረደ ስለተመላለሰ ሊሆን ይችላል። ኬዚኑ ከተፈጨ የቡፈሩን ፒኤች ይለኩ፤ የሰርፋክቲኑ አሲድ አውርዶት ይሆናል። ያም ደኅና ከሆነ የሜቲል ኤስተር ጥርጣሬ ይቀራል። ሐምራዊው ኢንዛይም በሌለበት ቱቦም ከመጣ ደግሞ ፕሮቲን ወይም አሞኒየም አልጠራም።

በኢንዛይም የተከፈተው ሰርፋክቲን አዲስ የአሲድና የአሚን ጫፍ ስላገኘ በውሃ የበለጠ ይሟሟል፤ የገጽ ውጥረት የማውረድ ኃይሉና ቀይ የደም ሴል የማፍረስ ጠባዩ ይደክማል። ስለዚህ ጠብታ ቆጠራውን በእኩል ሚሊግራም፣ በእኩል ፒኤች፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ይድገሙት። ጽሑፍ ላይ የሚቀርበው የሁለቱ ልዩነት ነው።

ለራምኖሊፒድ

የተገዛ ዳይራምኖሊፒድ ሁለት ራምኖስ ስኳር አለው። ናሪንጂኔዝ የተባለው የፔኒሲሊየም ኢንዛይም አንዱን ቆርጦ ሞኖራምኖሊፒድ ያደርገዋል። ኢንዛይሙ የሚወደው አሲዳማውን፣ ፒኤች 4 አካባቢን ነው፤ ራምኖሊፒድ ግን እዚያ አይሟሟም። 50 ሚሊሞላር አሴቴት ቡፈር በፒኤች 5.5፣ 40 ዲግሪ፣ 5 ሚሊግራም በሚሊሊትር ሁለቱን የሚያስታርቅ መነሻ ነው። ፈሳሹ ከደፈረሰ ፒኤቹን በ0.2 ከፍ ያድርጉ። ራምኖስ ከተላቀቀ ሬዲዩሲንግ ስኳር ስለሚሆን ዲኤንኤስ በተባለ፣ እንዲህ ያለ ስኳር ሲያገኝ ቀለም በሚቀይር ኬሚካል ይለካል፤ የተያያዘው አይለካም። ሞለኪውሉ ከ650 ወደ 504 ዳልተን ይወርዳል። ስለዚህ 1 ግራም ንጹሕ ዳይራምኖሊፒድ ሙሉ በሙሉ ከተለወጠ 775 ሚሊግራም ሞኖና 252 ሚሊግራም ራምኖስ ይወጣል፤ ተጨማሪው ክብደት በቁረጣው ጊዜ የገባው ውሃ ነው።

ቆሻሻውን በሚመለከት፦ ሥራው ያለቀ ባክቴሪያ የተራባበት ፈሳሽና አጋር ሁሉ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ በ118 ከሆነ አንድ ሰዓት፣ አውቶክሌቭ ይደረግ። ሙቀቱ ባክቴሪያውን እንጂ ሰርፋክቲኑን አያጠፋውም። ሰርፋክታንት የዓሣ ስንጥብ ይጎዳል፤ የከተማዋ ጎርፍ መውረጃ ደግሞ ጣናና ዓባይ ነው። የአሲዱን ፈሳሽ ወደ 7 መልሰው፣ ሰርፋክቲን ያለበትን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች 12 አድርገው አንድ ቀን አቆይተውና እንደገና ወደ 7 መልሰው በላቦራቶሪው የቆሻሻ በርሜል ይሰብስቡ። የክሎሮፎርምና የአሴቶናይትራይል ቅሪት ለየብቻ፣ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ወደ መታጠቢያ ገንዳ አይፈስም።

የደረቀው ሰርፋክቲን በታሸገ ብልቃጥ፣ ከእርጥበት ተጠብቆ፣ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ። ብልቃጡ ላይ የዝርያው ቁጥር፣ የምርቱ ዙር፣ ሜታኖል የነካው መሆን አለመሆኑና የመጨረሻው የሲሊካ ሰሌዳ ቀን ይጻፍ።